ዘጠና ስድስት ምላስ

ደቻሳ ጉታ ጉለሌ የቀረው በአህያ ምክንያት ነው። በ1942 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሱሉልታ እንጨት ጭኖ እንጦጦን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ አህያዋ ከወይዘሮ ብርቅነሽ ግቢ በር ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወይዘሮዋ እንጨቱን ገዙት። እሱንም ምሳ አስበልተው፣ "ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ በር ላይ ቆይ" አሉት። ዝናቡ አባራ፤ ደቻሳ ግን በሩ ላይ ቀረ። "እኔ በረኛ የሆንሁት ተሹሜ አይደለም፤ አህያዬ ተሰብራ ነው" ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እሱ ግን ይህን ሲል ስቆ አያውቅም።

ግቢው ሰፊ ነበር። የወይዘሮዋ ሟች ባል የፊታውራሪው አዳራሽ መሐል ላይ ቆሞ፣ የአሽከሮቹና የገረዶቹ ክፍሎች በአጥሩ ዙሪያ ተደርድረዋል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ክፍል አለ፣ ቀለብ አለ፣ ለፋሲካ አንድ አንድ ልብስ አለ፤ የታመመ ይታከማል፣ የሞተ ይቀበራል። ክፉ ቤት ነበር ብል ዋሾ እሆናለሁ። ነገር ግን ከዚያ ግቢ በራሱ እግር ወጥቶ የራሱን ጎጆ የቀለሰ ሰው አላየሁም።

እኔ አናጢ ነኝ፤ መዝገቡ እባላለሁ። መሥሪያዬ ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከደቻሳ ጋር የተዋወቅነው የአዳራሹን በር ልጠግን በሄድሁ ጊዜ ነው። በአሥር ዓመት ያህል ስለምበልጠው "ጋሼ" ይለኛል። ያን ቀን ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከሁለት መዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ስድስት ጎን ያላት የእንጨት ሣጥን በእጁ ይዞ ይጎትታል፣ ይገፋል። በሁለቱ ጫፍ ነጫጭ ቁልፎች ተደርድረውባታል፤ መሐሏ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ እየተነፋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፈረንጆች ኮንሰርቲና ይሏታል። በግቢው ግን ስሟ "ወናፏ" ነበር።

ፊታውራሪው በሕይወት ሳሉ ከአንድ የሚሲዮን ሐኪም በስጦታ አግኝተዋት፣ ከሞቱ በኋላ ሣጥን ውስጥ ተረስታ ኖራለች። ደቻሳ ሣጥን ሲያወጣ ሲያገባ አገኛትና ማንም ሳያስተምረው ጣቱን አለማመደባት። በ1944 የወይዘሮዋ እህት ልጅ ክርስትና ሲነሣ በእንግዳ ፊት ተጫወተ። ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ "ሸልሜሃለሁ፤ ያንተው ትሁን!" አሉ። በዚያ ቤት ሽልማት የተቀበለ ሰው ጉልበት ስሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "የእሜቴ ነኝ" ይላል። ደቻሳም ጉልበት ስሞ "የእሜቴ ነኝ" አለ። እልል ተባለ።

ችግሩ የመጣው ከማሲንቆው ጋር አብሮ እንዲጫወት በታዘዘ ጊዜ ነው። የግቢው ማሲንቆ መቺ አንቺ ሆዬን ሲያወጣ፣ ወናፏ በጎን ሌላ ነገር ትላለች። ድምፆቿ በፈረንጅ ቅኝት የተበጁ ናቸውና አንዱ ትንሽ ከፍ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ይልባታል። ወይዘሮዋ በእንግዳ ፊት፣ "ደቻሳ፣ ሸለምሁህ እንጂ ጆሮዬን ቁረጥ አላልሁህም!" አሉት። አዳራሹ ሳቀ።

በማግሥቱ ወናፏን በጋቢው ጠቅልሎ እኔ ዘንድ መጣ።

"ጋሼ፣ የመጋዝ ጥርስ የሚስሉበት ቀጭን ሞረድ አለዎት አይደል?"

"ለምንህ?"

"ጥርሷን ልስልላት ነው።"

የሁለቱን ጫፍ ብሎን ፈታን። በውስጧ ከነሐስ በተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተሰክተዋል። አየሩ ሲያልፍ የሚንቀጠቀጠውና ድምፅ የሚሰጠው ምላሱ ነው። ቁልፎቹ አርባ ስምንት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጎተት የሚናገር አንድ፣ ሲገፋ የሚናገር አንድ ምላስ አለው። ዘጠና ስድስት። ደቻሳ የምላሱ ጫፍ ሲሞረድ ድምፁ እንደሚወጣ፣ ሥሩ ሲሞረድ እንደሚወርድ ራሱ ደረሰበት። ማሲንቆ መቺውን በአረቄ አባብለን ከመሥሪያዬ ጥግ አስቀመጥነው። እሱ አንድ ድምፅ ይስባል፤ ደቻሳ ጆሮውን ይሰጣል፣ በሞረዱ አንዴ ያሻል፣ መልሶ ይነፋል፣ ደግሞ ያሻል። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተቀመጥን። የማይፈለጉት ጥቂቶቹ ብቻ ሳይነኩ ቀሩ። ሞረዱ የእኔ እንደነበር ደግሜ እናገራለሁ፤ መብራት የያዝሁለትም እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ወናፏ በአማርኛ ዘፈነች ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንቺ ሆዬን ስትል እንደ ሴት ልጅ ጉሮሮ ትንቀጠቀጣለች። ከአዲሱ ገበያ እስከ ቁስቋም ድረስ ሠርግ ያለው ሰው ሁሉ ወይዘሮ ብርቅነሽን "ደቻሳን ያውሱን" እያለ ይለምናል። እሳቸውም ያውሱታል። ምስጋናው ለእሳቸው ይገባል፤ ደቻሳ ቁርጥና ጠጅ ቀምሶ ይመለሳል። አሥር ዓመት በዚህ አለፈ።

በዚህ መሐል ዓለምነሽን አገባ። ዓለምነሽ የግቢው ጠጅ ጣይ ልጅ ናት፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ ቃል የማታባክን ሴት። ንግሥት የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ወይዘሮዋ ጸጉሯን እየዳበሱ፣ "ይህችንስ ለእልፍኜ አሳድጋታለሁ" አሉ። ደግ ቃል ነው። ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፣ ጥሩ ትበላለች ማለት ነው። ደግሞም እሳቸው ሲጠሩ የምትነሣ፣ እግራቸውን የምታጥብ፣ እሳቸው ሲፈቅዱ የምትዳር፣ ካልፈቀዱም የማትዳር ማለት ነው። የዓለምነሽ ታላቅ እህት በዚሁ መንገድ እልፍኝ ገብታ፣ ጸጉሯ ሸብቶ እስካሁን እዚያው አለች።

ዓለምነሽ ያን ቀን ማታ ለባሏ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልጄ እልፍኝ ሳትገባ አውጣን።"

መውጫው የተገኘ የመሰለው በ1956 ሰኔ ውስጥ ነው። ወልዱ የሚባል፣ በአራዳ አንድ ሆቴል ውስጥ የሙዚቃ ጓድ የሚመራ ሰው ደቻሳን በሠርግ ላይ ሰማው። ድግሱ ሲበተን ወደ ጎን ጠራው።

"ስማኝ ወንድም፣ ጣትህን እፈልጋለሁ፤ ይህችን ቀፎህን ግን አልፈልጋትም። የፒያኖ ቁልፍ ያለው አኮርዲዮን ይዘህ ና። ከመስቀል በኋላ አዲስ ሥራ እንጀምራለን።"

"ምን ይከፈላል?"

"ደመወዝ ነዋ! በወር በወር። አንተ ሰውዬ፣ ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከጉለሌ።"

"እኔ ደግሞ ከንጉሥ ምኒልክ ዘመን መስሎኝ።"

አኮርዲዮን የሚሸጡትና የሚጠግኑት ከጊዮርጊስ በታች ሱቅ ያላቸው አርመናዊው ሙሴ አራም ነበሩ። አራዳ የተወለዱ፣ አማርኛቸው ከእኛ የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓት፣ ግራሞፎን፣ መለከት፣ ሁሉንም ያድሳሉ። ደቻሳ ብቻውን ሄዶ ጠየቃቸው። ገንዘብ እንደሌለው ነገራቸው፤ ያለችውን አንዲት ነገርም ነገራቸው።

ሙሴ አራም፣ "እንዲህ ያሉ የእንግሊዝ ኮንሰርቲናዎች የሚሰበስብ አንድ መሐንዲስ አውቃለሁ" አሉት። "አሮጌ ከሆነች፣ ቆዳዋ ካልተጣፈ፣ ውስጧም ደኅና ከሆነ ከአኮርዲዮን ጋር ራስ በራስ እለውጥልሃለሁ። በእጄ ሳልይዛት ግን አንድ ቃል አልሰጥም።"

ደቻሳ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ ሮጠ። ዕድሜዋን ፈልጉ መባላችን ነው። እንደገና ብሎኗን ፈታናት። በጫፏ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በብረት የተመታ ረጅም ቁጥር፣ ከሥሩም በእርሳስ የተጻፈ 1891 የሚል አለ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ፣ ከሥራ በኋላ፣ በራሴ ትጋት ነው፤ የፈረንጁንም ቁጥር አብሬ አጥንቼዋለሁ። ስለዚህ በልበ ሙሉነት አነበብሁለት። "በ1891 የተሠራች ናት። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው። ረጅሙ ቁጥር ደግሞ ስንተኛ እንደሆነች የሚናገር ይመስለኛል።" ቆዳዋን በመብራት አየሁት፤ ስድስቱም እጥፋት ጤነኛ ነው፣ ጥፍጥፍ የለበትም። እንጨቱ ያልተሰነጠቀ፣ የከበደ ቀይ እንጨት ነው። ቁልፎቹ አጥንት ናቸው።

ደቻሳ፣ "በዚያ ላይ እኛ አሻሽለናታል" አለ።

"አዎን፣ በዚያ ላይ አሻሽለናታል" አልሁ እኔም።

ይህን ያልነው ከልባችን ነው። እርሻ ያቀና፣ ቤት ያደሰ ሰው ዋጋው ይጨምርለታል እንጂ ሲቀንስበት አላየንም።

አንድ ነገር ቀረ። ወናፏ የቤቱ ሽልማት ናት፤ የሸለመ ሰው ሳያውቅ ሽልማት ከበር አይወጣም፣ አይሸጥም። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ "የእሜቴ ነኝ" ብሎ የተቀበለውን ልሽጥ ማለት ደግሞ ስንብት መጠየቅ ነው። ስንብት በግማሽ አይጠየቅም። "ሸጬ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ" ቢል በጨዋ ቤት ፊት ንግድ ይሆናል። መጀመሪያ ዋጋዋን እንወቅ እንዳይል፣ ተደብቆ አውጥቷት ቢያዝ ሌባ ይባላል። "ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው ካሉኝ ይበቃኛል" አለኝ። በእኔ ንባብ ተማምኖ ደጅ ሊጠና ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ደጅ አስጠኑት። በጳጉሜ ሁለተኛ ቀን አስገቡት፤ እኔም የቤቱን አልጋ ላጠብቅ ተጠርቼ ስለነበር ሰምቻለሁ።

ወይዘሮዋ፣ "ልትሸጣት ነው አሉ" አሉት።

"በትልቅ ልለውጣት ነው፣ እሜቴ። ከፈቀዱልኝ።"

"የሰጠሁትን መልሼ አልቆጥርም። ውሰዳት። ልጅቷስ?"

"ከእኛ ጋር ናት፣ እሜቴ።"

"እንዲያ ነው?" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "ክፍልህን ለበዳሳ ሰጥቼዋለሁ፤ ከመስቀል በፊት ይገባል። በር ያለ በረኛ አያድርም። እግዚአብሔር ያቅናህ" አሉ።

ደቻሳ ጉልበት ስሞ ወጣ። ከበሩ ውጭ ሲያገኘኝ ክንዴን ያዘ። "ጋሼ፣ ፈቀዱ። እንዲህ ቀላል ኖሯል?" አለኝ።

በመስከረም ሁለተኛው ማክሰኞ አብረን ወደ አራዳ ወረድን። ወናፏን በአዲስ ነጠላ ጠቅልሏታል። ሙሴ አራም መጀመሪያ አኮርዲዮኖቹን አሳዩት፤ ሁለት ነበሩ። አንዱ ቀይ፣ እንደ ወንበር የገዘፈ፣ በግራ በኩል መቶ ሃያ ቁልፍ ያለው፣ ፊቱ ላይ ብልጭልጭ ድንጋይ የተተከለበት ነው። ሌላው ጥቁር፣ አነስ ያለ፣ ሰማንያ ቁልፍ ያለው፣ ጠርዙ የተጋጋጠ ነው። ደቻሳ ዓይኑን ከቀዩ ላይ መንቀል አቃተው።

"ቀዩን ይዤ ብገባ ወልዱ ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል" አለ።

እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ግን የማይዘጋ ሣጥን አውቃለሁ። ቀዩን በአንድ ጫፉ አንጠልጥዬ ያዝሁትና ቁልፍ ሳልነካ የታችኛውን ጫፍ ለቀቅሁት። በክብደቱ ቁልቁል ተዘረገፈ፤ ከማዕዘኑም እንደሚፈላ ድስት እስስ የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ጥቁሩን እንዲሁ አደረግሁት፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ቀዩ ትንፋሹ ያልፋል" አልሁት። "አራት ሰዓት ሙሉ ስትጫወት ክንድህን ይገነጥለዋል። ደግሞ ይህን ተሸክመህ የጉለሌን ዳገት መውጣት አለ።"

ሙሴ አራም ሳቁ። "አናጢው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ሱቄን እዘጋ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጥቁሩን ውሰድ።"

"ሰማንያ ነው አሉኝ?"

"ሰማንያ።"

"ዓለምነሽን እንኳ በሰማንያ አላገባሁም" አለ ደቻሳ ማንገቻውን በትከሻው እያስገባ። "ይህን በሰማንያ ላገባ ነው ማለት ነው።" ከአሥር ዓመት ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። በቀኝ እጁ አንድ የሠርግ ዘፈን ፈልጎ አገኘ። ግራ እጁ ገና አልሆነለትም፤ ቢሆንም ጣቶቹ ቦታውን ሲያሽትቱ ይታያል። ደረቱ ላይ ሲያዩት፣ ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

አኮርዲዮኑን እንዳነገተ ሙሴ አራም ወናፏን ፈቱ። የሰዓት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ተክለው አዩዋት። "አጥንት። ጥሩ። ብረት ምላስ፤ ነሐስ ቢሆን ኖሮ ዋጋዋ ያንስ ነበር። ቆዳው እንደተሠራ ነው፤ በጣም ጥሩ። ቁጥሩም አለ። 1891።"

"እኛም አንብበነዋል" አልሁ። "ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው።"

"በማን አቆጣጠር?"

ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ደግሜ አየሁት።

"ወዳጄ፣ የለንደን ሰው በእናንተ ዘመን አይጽፍም። 1891 በፈረንጅ ነው፤ በእናንተ 1883 ይሆናል። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው።"

ደቻሳ አጨበጨበ። "ጋሼ፣ መንገድ ስንሻገር ስምንት ዓመት አረጀች! እስቲ ሌላ ሱቅ እንውሰዳት፣ መቶ ትሞላለች!" ሦስታችንም ሳቅን። እኔም አንገቴ ቢቃጠልም ሳቅሁ።

ከዚያ ሙሴ አራም ድምፅ የሚለኩባትን ሹካ የመሰለች ብረት አውጥተው በጉልበታቸው መቱና ከጆሯቸው አስጠጓት። የወናፏን አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ፊታቸው አልተለወጠም። ሁለተኛውን ተጫኑ። ሦስተኛውን ሲጫኑ ብረቷን አስቀመጡ፤ አንድ ምላስ ከነቤቱ አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን ያዙት። ዝገቱ መሐል ላይ የሚያበራ፣ ሞረድ የጋጠው ቦታ አለ። ሌላ አወጡ። ሌላም።

"ይህን ማነው የነካው?"

ደቻሳ ቀና ብሎ፣ "እኔ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል" አለ። በኩራት ነው ያለው። "ድሮ አንቺ ሆዬ አይሆንላትም ነበር። እኔ ነኝ ያቀናኋት።"

ሙሴ አራም መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ መሐንዲሱ የሚገዛው ከለንደን እንደወጣች ያለችውን ነው። እንጨቷ ደኅና ነው፣ ቆዳዋ ደኅና ነው፣ አጥንቷም ደኅና ነው። ድምፆቿ ግን ከእንግሊዝ መዝሙር ጋርም ከፒያኖ ጋርም አይገጥሙም። ለመደርደሪያ ጌጥ ብትሸጥ የዚህን አኮርዲዮን ማንገቻ ትገዛልህ ይሆናል። ማንገቻውን ብቻ።"

"ይመለሳላ!" አለ። "ያው ሞረድ አለ፤ አስተካክዬ እመልሳታለሁ።"

"ከብረት የተሞረደው ዱቄት ሆኖ ወድቋል። ምን ይመለሳል? አዲስ ምላስ ከለንደን ላስመጣ ብል፣ ዘጠና ስድስቱ ከአኮርዲዮኑ ይበልጣል።"

ደቻሳ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። ማንገቻውን ከትከሻው አወጣ፣ የጥቁሩን ቁልፎች ጣቱ የነካበትን በነጠላው ጠረገ፣ መልሶ ቦታው ላይ አስቀመጠው።

ሙሴ አራም ምላሶቹን መልሰው ገጠሙና ወናፏን ሰጡት። "እስቲ ያቀናኸውን አሰማኝ" አሉት። አንቺ ሆዬን ተጫወተ። ከጓዳ ሰዓት የሚያድሰው ሠራተኛ መፍቻውን እንደያዘ ወጥቶ ቆመ። ሲጨርስ ሙሴ አራም፣ "በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም" አሉ። "የሚገዛውም የለም።"

ወደ ወልዱም ሄድን። ከነወናፏ እንዲቀጥረው ለመነው። ወልዱ ደግ ሆኖ ከጓዱ ጋር አንድ ዘፈን አስሞከረው። ፒያኖው አንድ ይላል፣ ወናፏ ሌላ ትላለች፤ መለከት ነፊው አፉን ከመለከቱ አንሥቶ፣ "ይህች ሴትዮ ከማን ጋር ነው የተጣላችው?" አለ። ወልዱ ሳይስቅ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና በሩን አሳየው።

ከመስቀል በፊት ክፍሉን ለቀቀ። ፍራሹ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ድስት፤ ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። የማስጠጋበት ቦታ መሥሪያዬ ብቻ ነበረኝ። ከአናጢ ጠረጴዛው ሥር፣ በመላጊያው ፍቅፋቂ ላይ ሦስቱም ተኙ። ደቻሳ ቀን ቀን በየጠጅ ቤቱ ልጫወት እያለ ዞረ። ጠጅ ቤቶቹ ያውቁታል፤ ግን "የወይዘሮ ብርቅነሽ ሰው አይደለህ? ተቀየማችሁ እንዴ?" ይሉታል። ከትልቅ ቤት የተጣላን ሰው አስጠግቶ መገኘት የሚወድ አልነበረም። ዘንድሮም "የእሜቴ ነኝ" ያለበትን ቀን ሰው አልረሳውም። ወደ ሱሉልታ እንዳይመለስ፣ የአባቱን መሬት ወንድሞቹ ከተካፈሉት ቆይቷል። በሦስተኛው ሳምንት ንግሥት ከፍቅፋቂው አቧራ የተነሣ ሌሊቱን ሙሉ ትስል ጀመር። የምበላውን ሳካፍላቸው እንደሚያንሰን ዓለምነሽ አይታ፣ እሷ ከምሳው መቅረት ጀመረች።

የሽማግሌን ነገር ያነሣሁት እኔ ነኝ። "ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ" አልሁት።

"ምን በድዬ፣ ጋሼ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ድንጋዩ ስለ ምን ነው?"

ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሱ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ለትከሻ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ ተመለሰ። ዓለምነሽ አየችው። ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች።

በጥቅምት አጋማሽ፣ እሑድ ቀን፣ ወይዘሮዋ የእህታቸውን ሴት ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ምሳ ጋብዘው ነበር። ይቅርታ የሚጠየቀው እንግዳ ባለበት ነው፤ በእንግዳ ፊት እምቢ ማለት ያስቸግራልና። ዓለምነሽ፣ "እኔ አልገባም" አለች። ከበሩ ውጭ፣ ደቻሳ አሥራ አራት ዓመት ከተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ንግሥትን ከጉልበቷ ጋር አጥብቃ ይዛታለች። አዲሱ በረኛ በዳሳ አፍሮ ፊቱን አዞረ።

እኔና ደቻሳ ገባን። ድንጋዩን በትከሻው፣ ወናፏን በጋቢው ሥር ይዟል። ከአዳራሹ ደፍ ላይ ተንበረከከ። ጨዋታው ጸጥ አለ።

"እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"ማነው? ደቻሳ ነው?" አሉ ወይዘሮዋ፣ ያላዩት መስለው። "ሸጣት ብዬ መርቄ የሰደድሁት ሰው! አልተሸጠችም?"

"አልተሸጠችም፣ እሜቴ።"

"ማን ይገዛል! ይህች እኮ የዚህ ቤት ናት።" ወደ እንግዶቹ ዞሩ። "በአዲስ አበባ አንቺ ሆዬን የምትል ወናፍ ይህች ብቻ ናት። ፈረንጅ እንኳ አልቻለባትም።" እንግዶቹ አደነቁ። አንዱ ሽማግሌ፣ "ይማሩት፣ እመቤቲቱ፤ ድንጋዩ ከብዶታል" አለ።

"እኔ መች ተቀየምሁ? አውርድ፣ አውርድ። ክፍሉ ተይዟል፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ትሰጥሃለች። ጠባብ ናት፤ ለሁለት ሰው ትበቃለች።" ቆም አሉ። "ልጅቷ ከእኔ ጋር ታድራለች። ናፍቃኛለች።"

ደቻሳ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደ። ከፍቶት አየኝ። እኔ ሽማግሌ ተብዬ የገባሁ ሰው ነኝ፤ እንግዶቹ ሁሉ የእኔን ቃል ይጠብቃሉ። "እሜቴ፣ ልጅቱ ገና ሕፃን ናት፤ ከእናቷ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ከእናቷ ርቃ የት ትሄዳለች? ግቢው አንድ አይደለም?" አሉ እየሳቁ። እንግዶቹም ሳቁ። ነገሩ በሳቅ ተዘጋ።

"በል እንግዲህ፣ ተጫወት!"

ደቻሳ ወናፏን ከጋቢው ሥር አወጣት። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አስቀምጦ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። እምቢ የሚል መሰለኝ። ከዚያ ክንዱ ተከፈተ፣ ወናፏ ተነፈሰች።

አዳራሹ ውስጥ መቆም አልቻልሁም፤ ወጣሁ። ድምፁ ግን ከእኔ ቀድሞ ከበሩ ደርሷል። ንግሥት ከእናቷ ጉልበት ላይ ብድግ ብላለች። "አባዬ ነው! እማዬ፣ አባዬ እየተጫወተ ነው!" አለችና፣ በበሩ ገብታ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ በባዶ እግሯ ወደ አዳራሹ በደስታ ሮጠች።

ዓለምነሽ እኔን ቀና ብላ አየችኝ። ተነሣች፣ ፍራሹን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈችና፣ በራሷ ላይ አድርጋ ገባች።